ሳር ሪከርድስ፦ ስለ ሳም ኩክ ሸክላ አሳታሚ ድርጅት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከመሠረታዊው እስከ አከራካሪው ያሉት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ፤ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሳር ሪከርድስ ምንድን ነው?

ሳር ሪከርድስ በአሜሪካ፣ ሎስ አንጀለስ ከተማ፣ ሆሊውድ ውስጥ ይሠራ የነበረ ሸክላ አሳታሚ ድርጅት ነው። በዘፋኙ በሳም ኩክና በሁለት ባልደረቦቹ በ1959 ተመሥርቶ በ1965 ተዘግቷል። ዕድሜው ስድስት ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። በነዚያ ዓመታት ሁለት ዓይነት ሥራዎችን ጎን ለጎን ያሳትም ነበር፤ የጥቁር አሜሪካውያንን የቤተ ክርስቲያን መዝሙርና ሪትም ኤንድ ብሉዝ የሚባለውን ዘፈን።

ትልቅ ቤት አልነበረም። አብዛኛው ሥራው በሁለት ገጽ ሁለት ዜማ በሚይዘው በ45 ዙር ትንሿ ሸክላ ነው የወጣው። ሆኖም ቦቢ ዎማክና ጆኒ ቴይለር ወደ ዘፈኑ ዓለም የገቡት በዚህ ቤት በኩል ነው። ቢሊ ፕሪስተንም የመጀመሪያ አልበሙን ያሳተመው በእህት ድርጅቱ ነው። ሳር እስከ ዛሬ ስሙ የሚነሣው በሸጠው ሸክላ ብዛት ሳይሆን በነዚህ ሰዎች ምክንያት ነው።

ስሙ ከየት መጣ?

ስሙ የሦስት ሰዎች ስም የመጀመሪያ ፊደላት ጥምረት ነው፦ ሳም፣ አሌክስ፣ ሮይ። ሳም ኩክ፣ ጄ. ደብሊው. አሌክሳንደርና ሮይ ክሬን ማለት ነው። በእኛ ፊደል ሲጻፍ ከሜዳ ሣር ጋር ቢመሳሰልም ከተክሉ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ሦስቱ ሰዎች እነማን ነበሩ?

ሳም ኩክ በ1931 ሚሲሲፒ ክፍለ ግዛት፣ ክላርክስዴል ተወለደና ቺካጎ አደገ። አባቱ ሰባኪ ነበሩ። ገና የሃያ ዓመት ወጣት ሳለ፣ በ1951፣ «ሶል ስተረርስ» ከተባለው ስመ ጥር የመዘምራን ቡድን ጋር የመጀመሪያ ሸክላውን ቀዳ። በ1957 ወደ ዘፈን ተሻግሮ «ዩ ሴንድ ሚ» በተባለው ዜማ የአሜሪካን የዘፈን ደረጃ ሰንጠረዥ አንደኛነት ያዘ።

ጄ. ደብሊው. አሌክሳንደር «ፒልግሪም ትራቭለርስ» የተባለው የመዘምራን ቡድን አባልና አስተዳዳሪ የነበረ ሰው ነው። ከሳም በዕድሜ ይበልጣል፤ የንግዱን መንገድ የሚያውቀውም እርሱ ነበር። ሮይ ክሬን ደግሞ የሶል ስተረርስ መሥራች ነው። ቡድኑን በ1920ዎቹ ቴክሳስ ውስጥ ያቋቋመ፣ ኋላም ሳም ለዘፈን ሲወጣ የጉዞ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ አብሮት የዞረ ሰው ነው።

ልብ በሉ፤ ሦስቱም ከመዝሙር ቤት የወጡ ናቸው። የሳርን ታሪክ ለመረዳት ከዚህ የሚበልጥ ቁልፍ የለም።

ሪትም ኤንድ ብሉዝ ከመዝሙር ጋር ምን አገናኘው?

ሪትም ኤንድ ብሉዝ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የጥቁር አሜሪካውያን የከተማ ዘፈን የተጠራበት ስም ነው። በጭፈራ ቤትና በሬዲዮ የሚሰማ፣ ስለ ፍቅርና ስለ ኑሮ የሚያወራ ሙዚቃ ነው። ድምፁን ያሠለጠነው ግን በአብዛኛው ቤተ ክርስቲያን ነው። መሪው ሲጀምር አጃቢው የሚመልሰው፣ አንድን ቃል እየደጋገሙ ስሜትን ማጋል፣ ድምፅን ከዝቅታ ወደ ጩኸት ማውጣት፤ ይህ ሁሉ ከእሑድ ጠዋት አምልኮ የመጣ ነው። ሬይ ቻርልስ በ1954 «አይ ጋት ኤ ዉማን»ን ሲቀዳ ከአንድ መዝሙር ዜማ ተነሥቶ ነበር። ብዙ ምእመናን በዚህ ተቆጥተውበታል።

ይህን ቁጣ ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት አይከብድም። በእኛ ቋንቋ መዝሙርና ዘፈን ሁለት ቃላት ብቻ ሳይሆኑ ሁለት ዓለማት ናቸው። ዘማሪ የነበረ ሰው ዘፋኝ ሆነ ሲባል፣ ወይም ዘፋኙ ዘፈን አቆመ ሲባል፣ ስለ ሰውየው ሕይወት መለወጥ እንጂ ስለ ሙያ ለውጥ አናስብም። ሳም ኩክና ጓደኞቹ ያደጉበት ማኅበረሰብም ይህንኑ ያምን ነበር። የሳር ሪከርድስ ልዩነቱ ሁለቱንም በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ስም ማሳተሙ ነው። መዝሙሩን ከዘፈኑ የሚለይ ሌላ ምልክት እንኳ አላበጀለትም።

ሳም ኩክ ታዋቂ ዘፋኝ ሆኖ ሳለ አሳታሚ ድርጅት ለምን ከፈተ?

የቅርቡ ምክንያት ቀላል ነው። የቀድሞ ቡድኑ ሶል ስተረርስ አሳታሚ አጥቶ ነበር፤ ክሬንም ቡድኑ መና እንዳይቀር ይፈልግ ነበር። ሳም ለወንድሞቹ ቤት ሠራላቸው ማለት ይቻላል።

ሥር የሰደደው ምክንያት ግን የባለቤትነት ጥያቄ ነው። በዚያ ዘመን አንድ ጥቁር ዘፋኝ ዜማውን ደርሶ፣ ዘፍኖና አገር ለአገር ዞሮ አስተዋውቆ ሲያበቃ፣ የዋናው ቅጂና የድርሰቱ መብት በሌሎች እጅ ይቀር ነበር። ሳም ይህን በራሱ አይቶታል። «ዩ ሴንድ ሚ» በወጣ ጊዜ የደራሲው ስም የሳም ሳይሆን የወንድሙ የኤል. ሲ. ኩክ ሆኖ ተመዘገበ። ዜማውን የደረሰው ሳም ነው፤ በራሱ ስም ቢያስመዘግበው ግን የድርሰቱ ገቢ ወደ ቀድሞ አሳታሚው ወደ ስፔሻልቲ ይሄድበት ነበር። ኋላም ዘፈኑን ካወጣለት ከኪን ሪከርድስ ጋር ባልተከፈለው ገንዘብ ምክንያት ተጣላ።

በአገር ሁሉ የተዘፈነ የመጀመሪያ ትልቅ ሥራህን በስምህ ማስመዝገብ አለመቻል ምን ያህል እንደሚያንገበግብ አስቡት። ሳምና አሌክሳንደር በ1950ዎቹ መጨረሻ «ካግስ» በተባለው የሙዚቃ ድርሰት መብት ድርጅት ውስጥ ሸሪክ የሆኑት፣ ሳርንም ያቋቋሙት ከዚህ ትምህርት በኋላ ነው። የድርሰቱ መብት በካግስ፣ የቀረጻው መብት በሳር። በሸክላው ሁለቱም በኩል ገቢው ወደ ቤት ይገባል።

የሳም ኩክ ዘፈኖች የወጡት በሳር ነው?

አይደለም። ይህ በጣም የተለመደ ስሕተት ነው። ሳም በ1960 ከትልቁ ድርጅት ከአር ሲ ኤ ቪክተር ጋር ተፈራረመ፤ «ቼይን ጋንግ»፣ «ኪዩፒድ»፣ «ብሪንግ ኢት ኦን ሆም ቱ ሚ» ሁሉም የወጡት በዚያ ነው። «ኤ ቼንጅ ኢዝ ጎና ካም»ም እንዲሁ ነው፤ በጥር 1964 ተቀድቶ በነጠላ ሸክላ የወጣው በታኅሣሥ ወር፣ ሳም ከሞተ ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው።

ሳር ውስጥ ሳም ባለቤት፣ ደራሲና የቀረጻ መሪ እንጂ ዘፋኝ አልነበረም። ቀን ለአር ሲ ኤ ያገኘውን ዝናና ገንዘብ ማታ ለሳር ያውለው ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

የመጀመሪያው ሸክላ የትኛው ነው?

በ1959 የወጣው የሶል ስተረርስ «ስታንድ ባይ ሚ ፋዘር» ነው፤ ትርጉሙ «አባት ሆይ ከጎኔ ቁም» እንደማለት ነው። መሪ ድምፁ ጆኒ ቴይለር ነው። ቴይለር ሳም ከቡድኑ ሲወጣ በቦታው የገባ ወጣት ሲሆን፣ ድምፁም ከሳም ድምፅ ጋር እጅግ ይቀራረባል። ሸክላውን መጀመሪያ የሰማ ሰው ሳም ራሱ ወደ መዝሙር የተመለሰ ቢመስለው አይፈረድበትም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ቤን ኢ. ኪንግ በተመሳሳይ ርእስ የዘፈነው ዓለም አቀፍ ዜማ መነሻው ይህ መዝሙር ነው ይባላል። ሁለቱን አከታትሎ ላዳመጠ ዝምድናው ይሰማል፤ በአንዱ የሚለመነው አምላክ ነው፣ በሌላው ደግሞ ፍቅረኛ።

በሳር እነማን ቀዱ?

በመዝሙሩ በኩል ሶል ስተረርስ ዋናዎቹ ነበሩ። አር. ኤች. ሃሪስም ከራሱ ቡድን ጋር ቀድቷል። እኔን ከሳር ታሪክ ሁሉ የሚነካኝ ይህ ነው። ሃሪስ ከሳም በፊት የሶል ስተረርስ መሪ ድምፅ የነበረ፣ ለአንድ ትውልድ ዘማሪዎች ሁሉ መምህር የሆነ ሰው ነው። ሳም በ1950 መጨረሻ የገባው በእርሱ ቦታ ነበር። አሥር ዓመት ሳይሞላ ተማሪው ባለቤት ሆኖ መምህሩን በክብር ጋበዘና ድምፁን አስቀረለት።

በዘፈኑ በኩል «ሱድ ሚ»ን የዘፈኑት ሲምስ መንትዮች፣ ጆኒ ሞሪሴት፣ ፔሽንስ ቫለንታይን፣ የሳም ወንድም ኤል. ሲ. ኩክ፣ ከመዝሙር የተሻገረው ጆኒ ቴይለርና ከሁሉም በላይ ቫለንቲኖስ አሉ። ዜማዎችን በማቀናበር ደግሞ የሳም የረጅም ጊዜ የሥራ ባልደረባ ሬኔ ሆል ይሳተፍ ነበር።

ቫለንቲኖስ እነማን ናቸው? ከአባታቸው ጋር ያጣላቸው ምንድን ነው?

ቫለንቲኖስ ከኦሃዮ ክፍለ ግዛት፣ ክሊቭላንድ ከተማ የመጡ አምስት ወንድማማቾች ናቸው፦ ፍሬንድሊ፣ ከርቲስ፣ ቦቢ፣ ሃሪና ሴሲል ዎማክ። አባታቸው የብረታ ብረት ሠራተኛ፣ ሃይማኖተኛና ራሳቸውም ዘማሪ ነበሩ። ቦቢ ሲተርክ እንደኖረው፣ አባቱ ጊታራቸውን ማንም ልጅ እንዳይነካ ከልክለው ነበር። እርሱ ግን አባቱ ለሥራ ሲወጡ እያነሣ ይጫወት ነበር። አንድ ቀን ክሩ ተበጠሰ። ልጁ የሚያደርገው ቢያጣ በጫማ ማሰሪያ ተካው። አባትየው ሲመለሱ የጫማ ማሰሪያ ያለው ጊታር አገኙ፤ ተቆጥተውም «እስቲ ተጫወት» አሉት። ሲጫወትላቸው አፋቸውን ይዘው ቀሩ። ቦቢ ግራኝ ስለነበር የቀኝ ሰው ጊታር ገልብጦ ነበር የሚጫወተው፤ ዕድሜ ልኩንም እንዲሁ ተጫወተ።

ሳም ልጆቹን ያወቃቸው በ1953፣ ሶል ስተረርስ ክሊቭላንድ መጥተው ሳለ መድረክ ሲከፍቱላቸው ነው። ሳር ከተቋቋመ በኋላ «ዎማክ ብራዘርስ» በሚል ስም መዝሙር አስቀዳቸው። መዝሙሩ አልተሸጠም። ያን ጊዜ ሳም ወደ ዘፈን እንዲዞሩ ሐሳብ አቀረበላቸው። «ኩድንት ሂር ኖባዲ ፕሬይ» የተባለው መዝሙራቸው ዜማ ተወሰደ፤ አሌክሳንደርና በድርጅቱ ትሠራ የነበረችው ዜልዳ ሳሙኤልስ አዲስ ግጥም ጻፉለት። «ሲጸልይ የሚሰማ አጣሁ» የሚለው «ፍቅር ፍለጋ ላይ ነኝ» ሆነ ማለት ነው። «ሉኪን ፎር ኤ ላቭ» ተብሎ በ1962 ወጣ፤ የቡድኑም ስም ተለውጦ ቫለንቲኖስ ሆነ።

በሸክላው ጀርባ ያለው ዜማም ከመዝሙር የተወሰደ ነው። መዝሙሩ «አንድ ቦታ አምላክ አለ» ይላል፤ ዘፈኑ «አንድ ቦታ አንዲት ልጅ አለች»። በእንግሊዝኛው የተለወጠው አንድ ቃል ብቻ ነው። በአማርኛ ቢሆን ኖሮ ግሡም አብሮ መለወጥ ነበረበት፤ በእንግሊዝኛው ግን የቀረው ሁሉ እንዳለ ነው የቆመው። አባትየውን ያስቆጣው ይህ ሳይሆን አይቀርም። ልጆቻቸው ሌላ ዜማ ቢዘፍኑ ምናልባት ይቀላቸው ነበር፤ በቤታቸው የሚዘመረውን ወስደው ዘፈን አደረጉት። ከቤት አስወጧቸው። ሳም ሦስት ሺህ ዶላር ላከላቸው፤ ልጆቹ ያረጀ ካዲላክ ገዝተው መንገድ ላይ እየተበላሸባቸው ካሊፎርኒያ ገቡ።

እኔ ሁለቱን ቅጂዎች አከታትሎ ማዳመጥ እወዳለሁ። በመዝሙሩ ላይ ድምፁ የሚሰነጠቅበት ቦታ በዘፈኑም ላይ አለ። ግጥሙ ቢለወጥም ሲቃው አልተለወጠም፤ ቦቢ ያንን ሲቃ የት እንደሚያስቀምጠው የተማረው ቤተ ክርስቲያን ነው።

የሮሊንግ ስቶንስ «ኢትስ ኦል ኦቨር ናው» የማን ዘፈን ነው?

የቫለንቲኖስ ነው። ቦቢ ዎማክና ሸርሊ ዎማክ ደረሱት፤ ሳርም በ1964 አወጣው። ሸክላው በአሜሪካ ሰንጠረዥ ከ94ኛ ደረጃ አላለፈም። በዚያው ሰሞን የእንግሊዙ የሮክ ቡድን ሮሊንግ ስቶንስ ለመጀመሪያ ጊዜ አሜሪካን እየዞሩ ነበር። መሪ ኬ የተባለ የኒው ዮርክ የሬዲዮ አቅራቢ ዘፈኑን አሰማቸው፤ እነርሱም በሰኔ ወር ቺካጎ ውስጥ በቼስ ስቱዲዮ ቀዱት። በሐምሌ ወር በብሪታንያ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። ለቡድኑ የመጀመሪያው አንደኛነቱ ነበር።

ቦቢ መጀመሪያ በጣም ተናድዶ ነበር፤ የእነርሱ ሸክላ ገና ገበያ ላይ ሳለ ነጮቹ ወጣቶች ቀድመውት ሄዱ። ያባበለው ሳም ነው። ኋላ የደራሲነት ክፍያው ቼክ ሲደርሰው ግን ሐሳቡን እንደለወጠ ራሱ ተናግሯል። እዚህ ላይ የካግስ ጥቅም ይታያል። የድርሰቱ መብት በቤቱ ስለነበረ፣ ስቶንስ ሸክላ በሸጡ ቁጥር ደራሲውም አሳታሚውም ድርሻ ነበራቸው። ከአሥር ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ዘፈን የጻፈ ጥቁር ወጣት ባዶ እጁን ይቀር ነበር፤ ብዙዎችም ቀርተዋል።

ደርቢ የሚባለው ድርጅት ሌላ ነው?

የሳር እህት ድርጅት ነው፤ ባለቤቶቹም እነዚያው ናቸው። ለሰፊው ገበያ የሚስማማ፣ ለስለስ ያለ ሥራ ለማውጣት የተቋቋመ ነበር። የሜል ካርተር «ዌን ኤ ቦይ ፎልስ ኢን ላቭ» በ1963 በደርቢ ወጥቶ 44ኛ ደረጃ ደርሷል። የኦርጋን ተጫዋቹ የቢሊ ፕሪስተን የመጀመሪያ አልበምም የደርቢ ነው፤ ከስድስት ዓመት በኋላ ይህ ልጅ ከቢትልስ ጋር «ጌት ባክ»ን ተጫውቷል።

ሳም በቀረጻ ጊዜ ምን ይሠራ ነበር?

በ1994 በወጣው የሳር ስብስብ ውስጥ በቀረጻዎቹ መካከል የተደረገ ንግግር አብሮ ተካትቷል። ያንን የሰማ ሰው ሳም ስም ብቻ የሰጠ ባለቤት እንዳልነበረ ይረዳል። ከመስታወቱ ወዲያ ሆኖ ያስቆማል፣ ያርማል፣ ዘፋኙ አንዲትን ቃል እንዴት እንደሚያወጣት በራሱ ድምፅ ያሳያል፣ ያበረታታል። ትዕግሥቱም ይሰማል።

ደራሲም ነበር። የሲምስ መንትዮች «ሱድ ሚ» የእርሱ ድርሰት ነው፤ በሶል ስተረርስ የተዘመረው «ጂሰስ ቢ ኤ ፌንስ አራውንድ ሚ»ም የእርሱ ነው። ሁለተኛው እስከ ዛሬ በጥቁር አሜሪካውያን አብያተ ክርስቲያናት ይዘመራል። ሳም ዘፋኝ ሆነ ተብሎ መዝሙር መድረሱን አላቆመም። ይህን የማያውቅ ሰው ሳር ለሳም ምን እንደነበረ አይገባውም ባይ ነኝ። በአር ሲ ኤ ለመዝሙር ቦታ አልነበረውም፤ በራሱ ቤት ግን ነበረው።

ሳር በገበያ ስኬታማ ነበር?

መጠነኛ ነበር። «ሱድ ሚ» በ1961 በሪትም ኤንድ ብሉዝ ሰንጠረዥ 4ኛ፣ በአጠቃላዩ ሰንጠረዥ 42ኛ ሆነ። «ሉኪን ፎር ኤ ላቭ» በ1962 በሪትም ኤንድ ብሉዝ 8ኛ፣ በአጠቃላዩ 72ኛ ወጣ። የሁለቱ ቁጥሮች ርቀት ነገሩን ይናገራል፤ ጥቁሩ አድማጭ በደንብ ያውቃቸው ነበር፣ ነጩ ገበያ ግን ገና አልደረሰባቸውም።

ሌሎች ሲዘፍኗቸው ግን ሩቅ ሄዱ። «ሱድ ሚ»ን ሳም ኤንድ ዴቭ በ1967፣ «ሉኪን ፎር ኤ ላቭ»ን ጄ. ጋይልስ ባንድ በ1971 ደግመው አውጥተዋቸዋል። በ1974 ቦቢ ዎማክ ራሱ ብቻውን ሆኖ ያንኑ «ሉኪን ፎር ኤ ላቭ» እንደገና ዘፍኖ በሪትም ኤንድ ብሉዝ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነበት። ዜማው ያረጀ አልነበረም፤ ቀድሞ የመጣ ነበር።

ታዲያ ለምን ተዘጋ?

ሳም ኩክ ስለሞተ። ታኅሣሥ 11 ቀን 1964 በሎስ አንጀለስ ሃሲየንዳ በተባለ ሞቴል ውስጥ በሞቴሉ ሥራ አስኪያጅ በጥይት ተመትቶ ሞተ። ዕድሜው 33 ነበር። የሞት ምርመራው ሸንጎ ግድያው ራስን ለመከላከል የተፈጸመ ነው ሲል ወሰነ፤ ቤተሰቡና ብዙ ወዳጆቹ ግን ይህን ውሳኔ ሳይቀበሉት ኖረዋል። ግድያውን ከሥራው ገንዘብ ጋር የሚያያይዝ ወሬ እስከ ዛሬ ይናፈሳል፤ በማስረጃ ጸንቶ የቆመ ግን አንድም የለም።

ድርጅቱ ከእርሱ በኋላ ወር እየቆጠረ ከሰመ። አሌክሳንደር ንግዱን ያውቅ ነበር፤ ነገር ግን ዘፋኞቹን የሚስበው፣ ዜማ የሚደርስላቸው፣ ስቱዲዮ ውስጥ የሚያርማቸው፣ ገንዘብ ሲጎድል ከኪሱ የሚሞላው አንድ ሰው ነበር። ጆኒ ቴይለር በ1966 ወደ ሜምፊሱ ሸክላ አሳታሚ ወደ ስታክስ ሄዶ በ1968 «ሁስ ሜኪንግ ላቭ» የተባለ ትልቅ ዜማ አወጣ። ሜል ካርተር ወደ ሌላ አሳታሚ ተሻግሮ በ1965 እስከ 8ኛ ደረጃ ወጣ። ዘፋኞቹ አልጠፉም፤ የጠፋው ቤቱ ነው።

ሳም ባይሞት ሳር እንደ ሞታውን ይሆን ነበር?

ሳርና ስመ ጥሩው ሸክላ አሳታሚ ሞታውን ሁለቱም በ1959 የተወለዱ፣ ሁለቱም የጥቁር ባለቤቶች ስለነበሩ ጥያቄው ደጋግሞ ይነሣል። የእኔ መልስ አይሆንም ነው፤ ይህን የምለው ሳርን አሳንሼ አይደለም። የሞታውን መሥራች ቤሪ ጎርዲ ዲትሮይት ላይ የራሱን ስቱዲዮ አቋቁሞ፣ ቋሚ የሙዚቃ ተጫዋቾችና ደራሲዎች ይዞ ቀንና ሌሊት ይሠራ ነበር። ሳም ግን የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ በጉዞና በመድረክ ያሳልፍ ነበር፤ ለሳር የሚደርሰው የተረፈው ጊዜ ነው። በዚያ ላይ ሞታውን ገና ከጅምሩ ዓይኑ ወደ ነጩ ወጣት ገበያ ነበር፣ ሳር ደግሞ አንድ እግሩን ከቤተ ክርስቲያን አላወጣም።

ሳርን የምናነጻጽረው ራሳቸው ዘፋኞች ካቋቋሟቸው ቤቶች ጋር ቢሆን ይሻላል፤ ሬይ ቻርልስ በ1962 ካቋቋመው ታንጀሪን፣ ከርቲስ ሜይፊልድ በ1968 ካቋቋመው ከርተም ጋር። በዚያ መስመር ሳር ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው።

ዛሬ መብቱ የማን ነው? የትስ ይገኛል?

መብቱ ያለው አለን ክላይን ባቋቋመው አብኮ በተባለው ድርጅት እጅ ነው። ክላይን በ1963 የአር ሲ ኤን ሒሳብ መርምሮ ለሳም ያልተከፈለውን ገንዘብ ያስመለሰ፣ ከዚያም ሥራ አስኪያጁ የሆነ ሰው ነው። ሳም ከሞተ በኋላ የሥራዎቹ መብት ደረጃ በደረጃ ወደ ክላይን ተሻገረ። ክላይን በ1965 የሮሊንግ ስቶንስም አስተዳዳሪ ሆኖ ስለነበር፣ የቡድኑ የ1960ዎቹ ቅጂዎችም በአብኮ እጅ ናቸው። ስለዚህ የቫለንቲኖስ «ኢትስ ኦል ኦቨር ናው» እና የስቶንስ ቅጂ ዛሬ በአንድ ባለቤት ካዝና ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ባለቤትነትን ፈልጎ የተመሠረተ ቤት መጨረሻው በሌላ እጅ መግባቱ ያሳዝነኛል፤ ቅጂዎቹ ሳይበታተኑና ሳይጠፉ መቆየታቸው ግን የሚያስደስት ነው።

ለመጀመር የሚፈልግ ሰው በ1994 አብኮ ያወጣውን የሁለት ሲዲ ስብስብ ይፈልግ። አንደኛው ሲዲ መዝሙሩ፣ ሁለተኛው ዘፈኑ ነው። በቅደም ተከተል ቢሰማ ይመረጣል፤ ዘፈኑን ብቻ የሚሰማ ሰው ግማሹን ነው የሚያገኘው።

ተቀድተው ሳይወጡ የቀሩ ሥራዎች አሉ?

አሉ፤ ከሁሉም የሚያስቆጨው የኤል. ሲ. ኩክ ነው። «ዩ ሴንድ ሚ» በስሙ የተመዘገበለት ያ ወንድም ማለት ነው። ኤል. ሲ. ድምፁ ከሳም የሚመሳሰል፣ ግን የበለጠ ዘና ያለ ዘፋኝ ነበር። «ፑት ሚ ዳውን ኢዚ» የተባለው ነጠላ ዜማው በ1963 ወጥቶ ነበር፤ ሳም ጽፎለት፣ ሳም አስቀድቶት። በ1964 ሙሉ አልበም ሊወጣለት ታስቦ ሳለ ወንድሙ ተገደለ፤ አልበሙም ከድርጅቱ ጋር ቀረ።

አብኮ ያንን ሥራ በ2014 አወጣው። ሃምሳ ዓመት ቆይቶ ማለት ነው። ኤል. ሲ. ያን ጊዜ ዕድሜው ከ80 አልፎ ነበር፤ ቺካጎ ሆኖ የራሱን አልበም በእጁ ያዘ።